የሰማይ ታክሲው በማን ጣሪያ ላይ ይለፍ?

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሰው ስለ ኤርፖርት ሲጨቃጨቅ ላየ ሐበሻ ነገሩ መጀመሪያ ቅንጦት ይመስላል። እኛ ኤርፖርት ሲባል የሚታየን ሽኝትና አቀባበል ነው። እነሱ የሚታያቸው የቤታቸው ዋጋ፣ የልጃቸው እንቅልፍና የነዳጅ ሽታ ነው። አሁን ደግሞ ጭቅጭቁ በኤሌክትሪክ ወደሚሠራው የሰማይ ታክሲ ዞሯል። ላልሰማ ሰው፦ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ከዚያ እንደ አውሮፕላን በክንፉ ይበራል፣ የሚሠራው በባትሪ ነው። አርቸር የተባለው ኩባንያ የሠራው «ሚድናይት» 12 ፕሮፔለር አለው፤ ከፓይለቱ ሌላ አራት ሰው ይጭናል። ኩባንያው ለ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ይፋዊ የሰማይ ታክሲ አቅራቢ ሆኗል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በመጀመሪያ ከሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለችውን የሳንታ ሞኒካ ከተማን እንይ። እዚያ ከመኖሪያ ሰፈር ጋር ተጠጋግቶ የተቀመጠ ትንሽ ኤርፖርት አለ። ስመ ጥሩው ዲሲ-3 አውሮፕላን የተሠራው በዚያ ነው፤ የኛው አየር መንገድ በ1946 ሥራ የጀመረው በዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ዝርያ ስለሆነ ትንሽ ዝምድና አለን ማለት ይቻላል። ነዋሪው ግን ታሪኩ አላጓጓውም። በጄት ጩኸትና እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ባለበት ነዳጅ ተማርሮ ለአሥርት ዓመታት ሲሟገት ኖሮ በ2017 ከተማውና የፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደር ተስማሙ። መንደርደሪያው ወደ 3,500 ጫማ አጠረ፣ ከ2028 መጨረሻ በኋላ ደግሞ ከተማው ኤርፖርቱን መዝጋት ይችላል። ነዋሪው ቦታው መናፈሻ እንዲሆን ይፈልጋል። አብራሪዎቹ ደግሞ «ቆይ እንጂ፣ ጸጥ ያለው የኤሌክትሪክ ታክሲ እየመጣ አይደል እንዴ፣ አሁን ይዘጋል?» ይላሉ።

እንደዚህ ባለ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ማንም ተመዝግቦ ማይክ ፊት ይቆማል፣ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ይጮህበታል። አንዲት አሮጊት ደብተር ይዘው መጡ። በየቀኑ በጣሪያቸው ላይ ያለፈውን አውሮፕላን ከነሰዓቱ ጽፈውታል፤ የማለዳውን በቀይ፣ የቀኑን በሰማያዊ። አነበቡት። ማንም አልሳቀም። ጸሐፊዋም እያንዳንዱን መዘገበች።

ድምፁ ላይ ኩባንያዎቹ የሚሉት ውሸት አይመስለኝም። ጆቢ የተባለው ሌላው ኩባንያ ከናሳ ጋር ባስለካው መሠረት፣ አውሮፕላኑ በ500 ሜትር ከፍታ ሲያልፍ የሚሰማው 45 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ይሄ ከሄሊኮፕተር ጋር የሚወዳደር አይደለም። ግን ሰው የሚኖረው ሲያልፍ ብቻ አይደለም፣ በሚነሳበትና በሚያርፍበት አጥር ሥርም ይኖራል። ደግሞ ታክሲ ነው። ታክሲ ትርፍ የሚያገኘው በምልልስ ነው። ሄሊኮፕተር አልፎ አልፎ ያናድድሃል፤ ይሄኛው በየጥቂት ደቂቃው በቀስታ እያለፈ ሊኖር ነው።

እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። የሳንታ ሞኒካ ሰው ሀብታም ነው፣ ጠበቃ አለው፣ ጊዜ አለው፤ ኤርፖርቱን ለማዘጋት ጫፍ ደርሷል። አርቸርስ የት ሄደ? በ2025 መጨረሻ ላይ የሆውቶርን ኤርፖርትን በ126 ሚሊዮን ዶላር ሊቆጣጠር መሆኑን አስታወቀ። ሆውቶርን ከሎስ አንጀለስ ትልቁ ኤርፖርት ከኤል ኤ ኤክስ 5 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። ለንግዱ ይመቻል፣ እሱን አልክድም። ነዋሪው ግን አብዛኛው ላቲኖና ጥቁር ነው፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ማታ ስብሰባ ላይ ደብተር ይዞ ለመምጣት ጊዜ የሌለው። ማይኩ እዚያም አለ። የሚደርስበት ሰው ነው የሚያጥረው።

የኛዎቹ ታክሲ ነጂዎችም ማይኩ ጋ አይታዩም። ይሄ ነገር ከሁሉ በፊት ያነጣጠረው ከኤርፖርት መሀል ከተማ የሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ የስንት ሐበሻ እንጀራ። መጀመሪያ ኡበር መጣባቸው። በ2019 ደግሞ ኤል ኤ ኤክስ ታክሲውን ከተርሚናሉ በር አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ ወሰደው። አንዱን ስለ ሰማይ ታክሲው ብጠይቀው «እሱን የሚሳፈር ድሮም በሊሞ ነበር የሚሄደው» ብሎኝ መኪናውን ማጽዳቱን ቀጠለ። ምናልባት እውነቱን ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ፣ ይሄው አርቸር በመጋቢት 2025 ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር መስማማቱን አስታውቋል። በአፍሪካ የመጀመሪያው ደንበኛ የኛው ነው። ዜናው ሲወጣ የሰው አስተያየት ለሁለት ተከፈለ፦ ግማሹ «እንኮራለን»፣ ግማሹ «መብራት ሲጠፋስ?»። ሁለተኛው ቀልድ ቢመስልም ጥሩ ጥያቄ ነው። ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳስ ይላል። ቀጥ ብሎ ለሚነሳ ነገር ቀጭን አየር ማለት ብዙ ኃይል፣ ማለትም ብዙ ባትሪ ማለት ነው። የሆውቶርኑ ማስታወቂያ ቦሌ ላይ እንዳለ አይሠራም። ደግሞ ለሠርግ ድሮን እንኳ ፈቃድ በሚያስፈልግበት ከተማ ሰማይ ላይ ታክሲ ሊመላለስ ነው፣ እስቲ እናያለን።

«በማን ጣሪያ ላይ?» ያለ ግን አላየሁም። እዚያ ላለ ሰው ጩኸት ብርቅ አይደለምና። ቦሌ ዙሪያ ሰው ወሬውን አውሮፕላኑ እስኪያልፍ አቁሞ፣ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል፤ ማቆሙን ራሱ አያስተውለውም። የሚጠይቅበት መድረክም ብዙ አያገኝም። ቢጠራም ለግንዛቤ ማስጨበጫ ነው፤ ውሳኔው ቀድሞ ያልቃል፣ ሻይና ቆሎ ይቀርባል፣ ይጨበጨባል።

ቢሾፍቱ አጠገብ ለሚሠራው ትልቁ ኤርፖርት ገበሬዎች ከመሬታቸው ሲነሱ ንግግሩ ሁሉ ስለ ካሳና ስለ ምትክ ቤት ነበር። ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚል ክርክር እኔ አልሰማሁም። የሰማይ ታክሲው ማረፊያ ነገ አንዱ ሰፈር ውስጥ ይቀመጣል ቢባል፣ የሰፈሩ ሰው ስለ ዴሲቤል አይደለም የሚጠይቀው። «ካሳው በካሬ ስንት ነው?» ነው የሚለው፤ ደግሞም እንዲያ ማለቱን ከልምድ ነው ያመጣው።