ማስተካከያ፦ ብረት ሲያንስ ነው እንጂ ሲበዛ አይደለም

ስለ ባክቴሪያ ትንንሽ አርኤንኤዎች ባቀረብነው ጽሑፍ «ኢ. ኮላይ ውስጥ ብረት ሲበዛ አርዋይኤችቢ ይመረታል» ብለን ነበር። አርዋይኤችቢ ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ የሌሎች ጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠር ትንሽ አርኤንኤ ነው፤ ነገሩም የተገላቢጦሽ ነው። ብረት ሲኖር ፉር የተባለው ፕሮቲን ከብረቱ ጋር ተጣምሮ የአርዋይኤችቢን ጂን ይዘጋል፤ ብረት ሲያንስ ይለቀዋል፤ 90 ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ «ፊደል») ያህል ርዝመት ያለው ይህ አርኤንኤም በደቂቃዎች ውስጥ ይከማቻል።

ከዚያ ቀለበት መሰሉ ኤችኤፍኪው ፕሮቲን አርዋይኤችቢን ብረት የሚጠቀም ፕሮቲን ከሚያሠራው ከሶድቢ ጂን መልእክተኛ አርኤንኤ (ፕሮቲን የሚሠራበት የጂኑ ቅጂ) ጋር ያጣምረዋል። የሚጣመሩት ፕሮቲን ሠሪው ራይቦዞም በሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለሆነ ፕሮቲን መሠራቱ ይቆማል፤ አርኤንኤ ቆራጩ ኢንዛይም አርኤንኤዝ ኢም መልእክተኛውን ይቆራርጣል። አርዋይኤችቢም አብሮ ያልቃል፤ ስለዚህ «አንዱ ደጋግሞ ያገለግላል» ያልነውም ይታረም።

አርዋይኤችቢ «ሁልጊዜ ጂን ያጠፋል» ማለታችንም ልክ አልነበረም። ሺኤ በተባለው ጂን መልእክተኛ ላይ ሲያርፍ የታጠፈውን ክፍል ፈትቶ ለራይቦዞም መንገድ ይከፍታል።

አርዋይኤችቢ ሲከማች በቤተ ሙከራ ለማየት ብረትን ይዞ የሚያስቀር ኬሚካል የሆነውን ዳይፒሪዲል 250 ማይክሮሞላር ጨምሮ 10 ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል። ብዙ ጊዜ «አርዋይኤችቢ የለም» የሚያሰኘው አርኤንኤ ማጣሪያው ነው፦ አርኤንኤን ይዘው የሚያጣሩት ተራ የሲሊካ አምዶች ከ200 ኑክሊዮታይድ በታች ያለውን አብዛኛውን ያፈሱታል። በፌኖል አውጥቶ በኢታኖል ማዝቀጥ ይሻላል።