ኦርጋኒኩ በማዳበሪያ ነው ያለው

ሰሞኑን ባሕር ዳር ቡና የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ አንድ ቃል ለምዷል። «ይሄኛው ኦርጋኒክ ነው እትዬ፤ ያኛው ዝም ብሎ ቡና ነው።» ኦርጋኒኩ በኪሎ ወደድ ይላል። ልዩነቱ ምንድን ነው ሲባል ሻጩ እጁን ማዳበሪያው ውስጥ ከቶ እፍኝ ያወጣል። አዎ፣ ማዳበሪያ። ከረጢቱ ነው፤ በእኛ አገር ዩሪያው ማሳ ገብቶ ሲያልቅ ስሙን ለከረጢቱ አውርሶ ነው የሚሄደው። ሆዱ ላይ «50 ኪሎ» የሚለው ጽሑፍ እንኳ ገና አልደበዘዘም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ምስኪን መልአክ! ድሮ ልጅ ሲወለድ ብቻ ነበር የሚጠራው። አሁን ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ማሩን ኦርጋኒክ፣ እንቁላሉን ኦርጋኒክ፣ ሳሙናውን ኦርጋኒክ ሲል ይውላል።

ነገሩ እኮ የቡናው መልክ አይደለም፣ የመሬቱ ታሪክ ነው። በአሜሪካም በአውሮፓም ደንብ ቡናው ኦርጋኒክ እንዲባል ዩሪያና ኤንፒኤስን የመሰለ የፋብሪካ ማዳበሪያ ሳይነካው፣ ጸረ አረምና ጸረ ተባይ ሳይረጭበት ሦስት ዓመት የቆየ መሬት ያስፈልጋል። መዝገብ ይያዛል፣ መርማሪ በየዓመቱ ይመጣል። «እኛ ድሮም ምንም አናደርግበትም» የሚል ገበሬ ሞልቷል፤ ምንም አለማድረግ ግን ስንፍና ነው።

ዩሪያውን የተወ ሰው ኮምፖስት፣ ማለትም የብስባሽ ማዳበሪያ፣ ይሠራል። ከሥር ጭራሮ፣ ለአየር ማስገቢያ። በላዩ ገለባ፣ እርጥብ ቅጠል፣ እበት፣ ስስ አፈርና አመድ፤ እንደገና ከገለባው ይጀመራል። መሐሉ ላይ ረዘም ያለ ዱላ ይሰካል። ከሳምንት በኋላ ዱላውን መዞ መንካት ነው፦ ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው ይዟል፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ጠምቶታል፤ ከገማ ውኃው በዝቶ አየር አጥቷል፣ ይገልበጥ። ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ጥሬ እበት ግንዱ ሥር የሚቆልል ሰው ሥሩን አቃጥሎ «ኦርጋኒክ አያዋጣም» ይላል።

የባሰው ጎረቤት ነው። ጎጃም ውስጥ፣ ቡሬና ሜጫ ላይ ቡናው የሚበቅለው ከበቆሎ ማሳ ጥግ ነው። ጎረቤት ቱ ፎር ዲ የሚባለውን ጸረ አረም ሲረጭ ነፋሱ ወሰን አይጠይቅም። ስለዚህ መሐል ላይ የቁጥቋጦ ረድፍ መተው፣ ከላይ በኩል ደግሞ ዩሪያ አጥቦ የሚመጣውን ጎርፍ የሚመልስ ቦይ መቆፈር ግድ ነው።

ጣና ዳር፣ ዘጌ ሂዱ። ደሴት መሰሉ ጫካ ውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ቡናው ከገዳማቱ ጋር ነው የኖረው። በሬ ጠምዶ ማረስን አባቶች አውግዘዋል ይባላል። ከአውሮፓ መርማሪ በፊት ውግዘት ነበረን፤ ለዚያውም ክፍያ የሌለው! ወረቀት ከሌለው ግን ባሕር ማዶ ሲሄድ እሱም ዝም ብሎ ቡና ነው።

ወረቀት ቢኖረውስ? ጥሬ የተለቀመን ፍሬ፣ መሬት ላይ ተሰጥቶ አፈር አፈር የሸተተን ቡና የትኛውም ማኅተም አያጣፍጠውም። ከሰል እስኪሆን የሚቆሉትንማ ተዉአቸው። እና ያ የፕላስቲክ ቄጠማ! ዓባይ አጠገቡ እየፈሰሰ፣ ጣና ዳር ደንገል እየበቀለ፣ ረከቦቱ ሥር ላስቲክ ሣር ይነጠፋል። በሣምንት አንዴ በሳሙና ይታጠባል። ዕጣን እያጨሱ ፍም ወድቆበት የቀለጠውን ጥግ ስኒ ደርበውበት ይሸፍኑታል፤ ሽታው ግን በአቦሉ ውስጥ አለ። እዚያ ላይ ተቀምጦ «ቡናችን ኦርጋኒክ ነው» ማለት አንጀት ይጠይቃል።

ወደ ከረጢቱ ስንመለስ፦ ቡና ሽታ ይስባል፤ ንጹሕ ጆንያ የሚባለው ለዚህ ነው። መርማሪው ሱቁ ቢደርስ መጀመሪያ የሚያነበው ያንን «50 ኪሎ» ነው።

«እሺ እትዬ፣ ስንት ልመዝን?»

«ግማሽ ኪሎ። ከዝም ብሎው።»