ከመጀመሪያው አዳር በፊት

ሰኞ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገቡ ሰልጣኝ ሐኪሞችን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሰብስቤ ምን እንደሚሰማቸው ስጠይቅ የማገኘው መልስ ያው ነው፤ «ዝግጁ ነን»። ስብሰባው ሲበተን ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው በር ላይ ይቀራል። ባለፈው ዙር የቀረችው ሰልጣኝ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ «ዶክተር፣ ሌሊት ብቻዬን ሆኜ የታማሚው ግፊት ቢወርድስ?» አለችኝ። ሦስት ሌሊት በቅጡ አልተኛችም። ያላነበበች ተማሪ ሆና አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ በማንበቧ ነው የሚያስፈራውን ነገር ለይታ ያወቀችው።

«ይለፍሻል» ብሎ መሸኘት ቀላል ነው። እኔ ግን ፍርሃቷ ትክክል ነው ባይ ነኝ። በሌላ ክፍል የተሳሳተ ውሳኔ ብዙ ጊዜ በጠዋቱ ዙር ይታረማል። እዚህ ያን ያህል ጊዜ የለም። የደም ግፊትን ደግፎ የሚይዘው ኖርኤፒነፍሪን በሰውነት ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ፣ ፓምፑ ላይ ያለው ስሪንጅ አልቆ ሌላው እስኪተካ ድረስ ግፊቱ ቁልቁል ሊወርድ ይችላል። የቬንትሌተሩ፣ ማለትም የመተንፈሻ መሣሪያው፣ ማንቂያም ቢሆን ታማሚው ቢያስል፣ በአፉ የገባለትን የአየር ቱቦ ቢነክስ፣ አክታ ቢዘጋው ወይም ከሳንባው ያመለጠ አየር ደረቱ ውስጥ ቢጠራቀም ያው ነው የሚጮኸው። ይህን ሁሉ እያወቀ ቅንጣት የማይፈራ ሰልጣኝ ቢመጣልኝ፣ የምፈራው እኔ ነኝ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። በቋንቋችን «ፈራሁለት» እና «ፈራሁት» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ለታማሚው የሚፈራ ሐኪም ሌሊቱን ነቅቶ ያድራል፣ መጠኑን ደግሞ ያሰላል፣ ነርሷን ይጠይቃል። አለቃውን የሚፈራ ሐኪም ግን አፉ ይታሰራል። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ደረት ውስጥ ስለሚያድሩ ሰልጣኙ ራሱ አይለያቸውም።

እኔም አልለየኋቸውም ነበር። ሰልጣኝ ሳለሁ አንድ ሌሊት፣ ቬንትሌተር ላይ ያለ ታማሚ በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን እየወረደ አስቸገረኝ። የምሰጠውን ኦክስጅን ከ40 ወደ 60 በመቶ፣ ከዚያ ወደ 80 በመቶ ከፍ አደረግሁ። ስልኩ አጠገቤ ነበር። ኃላፊው በመጀመሪያው ቀን «ለረባ ላልረባው አትቀስቅሱኝ» ብሎን ስለነበር፣ ይህ «የረባ» ይሁን «ያልረባ» እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሁለት ሰዓት አለፈ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስደውልለት መጥቶ መጀመሪያ ያየው ሞኒተሩን ሳይሆን የታማሚውን ከንፈር ነው። ቱቦው ላይ የተጻፈው ቁጥር ከንፈሩ ጋ 22 መሆን ሲገባው 27 ሆኗል። ቱቦው ወደ ውስጥ ተንሸራቶ አየር የሚደርሰው ለቀኝ ሳንባ ብቻ ነበር። አምስት ሳንቲሜትር ሳበው፤ ኦክስጅኑ ዓይናችን እያየ ወጣ። «ለምን አልጠራኸኝም?» አለኝ። «ስለፈራሁህ» ማለት አቃተኝ። ታማሚው ተርፏል። እነዚያ ሁለት ሰዓታት ግን እስከ ዛሬ ከራሴ አይወጡም።

ስለዚህ «አይዞአችሁ፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ደውሉ» ማለት አይበቃም ብዬ እከራከራለሁ። «በፈለጋችሁ ጊዜ» የሚለው ሸክሙን መልሶ የፈራው ሰው ጫንቃ ላይ ይጥለዋል። በቁጥር የተጻፈ ትእዛዝ ያስፈልጋል፦ የሚሰጠው ኦክስጅን ከ60 በመቶ ካለፈ፣ የኖርኤፒነፍሪኑ መጠን እጥፍ ከሆነ፣ ወይም ነርሷ «ይህ ሰው አላማረኝም» ካለች መደወል ግዴታ ነው። በተለይ የመጨረሻውን አጥብቄ እይዛለሁ፤ ዓመታትን በአልጋ ዳር ያሳለፈች ነርስ ሞኒተሩ ከመጮኹ በፊት ታውቃለች። ትእዛዝ ከሆነ ሰልጣኙ ለመደወል ጀግና መሆን አይጠበቅበትም። የመጀመሪያውን አዳርም ማንም ብቻውን ማደር የለበትም።

«እኛ እሳት ውስጥ ተጥለን ነው የተማርነው» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ሙያው ራሱ የተወለደው እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ስትመታ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በመተንፈሻ መሣሪያ ከታከሙት 31 ታማሚዎች 27ቱ ሞቱ። የማደንዘዣ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን አንገት ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ አየርን በእጅ መግፋት እንደሚቻል አሳየ። ለዚህም 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች ተጠሩና የጎማ ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ ቀንና ሌሊት ለታማሚዎቹ ተነፈሱላቸው። የሞቱ ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። በእጃቸው ላይ የሞቱ ታማሚዎችም ነበሩ። ተማሪዎቹ ግን በፈረቃ ይቀያየሩ ነበር፤ የማደንዘዣ ሐኪሞችም ይከታተሏቸው ነበር። የዛሬው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተነሣው ከዚያ ልምድ ነው።

ፍርሃት ብቻም አይደለም ይዘውት የሚመጡት። ብዙ የመማር ጉጉት አለ፤ በሰው ጭንቅ ላይ መጓጓታቸው ደግሞ መልሶ ያሳፍራቸዋል። ከሁሉ የከበደው ኮሪደር ላይ የሚጠብቀውን ቤተሰብ ማነጋገር እንደሆነ ደጋግመው ይነግሩኛል። ለዚህ ቁጥር የለኝም። ከጎናቸው ተቀምጬ ሲናገሩ መስማት፣ ሲያቅታቸው ቃሉን መቀበል ነው የምችለው።

ያቺ ሰልጣኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ባደረችበት ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። «ዶክተር፣ ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ነርሷ ግን አላማራትም» አለች። ጫማዬን እያሰርኩ «ቱቦው ስንት ላይ ነው?» አልኳት። ቁጥሩን አስቀድማ አይታው ነበር።