የዛፉ መጠን አያሳስታችሁ

ልጆች ስለ ዛፍ የሚያወራ ተረት ሰምተው በሚስሉት ሥዕል መረዳታቸውን ስለመመዘን የወጣው ጽሑፍ «ዛፉን አሳንሶ የሳለ ልጅ የተረቱ መልእክት አልገባውም» ብሎ መደምደሙ አልተዋጠልኝም። ትንንሽ ልጆች የወረቀቱን ቦታ አስቀድመው አያቅዱም፤ በተረቱ ያለውን ሰው አግዝፈው ከጀመሩ ለዛፉ የሚተርፈው ጥግ ብቻ ነው። የልጆችን ሥዕል ያጠናው ፈረንሳዊው ጆርጅ ሄንሪ ሉኬም እ.ኤ.አ. በ1927 እንዳስረዳው፣ በዚህ ዕድሜ ልጅ የሚስለው ዓይኑ ያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። እኔ የተማሪዎቼን ሥዕል ሳይ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ከመሬት በታች ወደተሳለው ነው። ዛፎቹን ጨፍጭፎ ምንጩ ስለደረቀበት ሰው ተረት ከነገርኳቸው በኋላ አንዷ ልጅ ጉቶውን የጥፍር ያህል አድርጋ ሳለችው፤ ከሥሩ ግን እስከ ምንጩ ድረስ ሰማያዊ መስመር ስባ መሃሉን በጥቁር አጠፋችው። እየሳለች ሳለ ይሄ ምንድን ነው ስላት «ውሃው የሚመጣው በዚህ ነበር» አለችኝ። ከዚህ በላይ ምን መረዳት አለ? ከእኔ አስተያየት በላይ «ሥዕሉ ብቻውን ይበቃል» ብለው ለጻፉት፦ በፍጹም አይበቃም። ልጁ እየሳለ የሚያወራውን ከጎኑ ቁጭ ብሎ መስማትና መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ጨርሶ ካስረከበ በኋላ ከጠየቁት ብዙ ጊዜ ሌላ ታሪክ ይፈጥርላችኋል።