ሌሶቶ፦ መራጩ ፓርቲ ቀየረ ወይስ ከቤቱ ቀረ?

ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበችውና ከሁለት ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ተራራማዋ ሌሶቶ በ2027 የፓርላማ ምርጫ ይጠብቃታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምርጫ በተቃረበ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ የማን ድጋፍ ጨመረ፣ የማንስ ቀነሰ የሚል ነው። የዚያች አገር የድምፅ አኃዝ ግን ይህን ጥያቄ ከሌላ ጥያቄ ጋር ካላያያዝነው እንደሚያሳስተን ያስረዳል።

በ2022 የሆነውን እናስታውስ። በአልማዝ ማዕድን ሥራ ተቋራጭነት የከበሩት ባለሀብት ሳም ማቴካኔ በማርች ወር ፓርቲ አቋቋሙ፤ ስሙንም «አብዮት ለብልጽግና» አሉት፤ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ያልሆነ ቃል ነው። ሰባት ወር ያልሞላው ይህ ፓርቲ ኦክቶበር 7 በተካሄደው ምርጫ ከ120 ወንበሮች 56ቱን ወሰደ፤ 5 እና 4 ወንበር ካገኙ ሁለት ትንንሽ ፓርቲዎች ጋር ተጣምሮም በ65 ወንበር መንግሥት መሠረተ። በሥልጣን ላይ የነበረው ኦል ባሶቶ ኮንቬንሽን ወደ 8 ወንበር ወረደ።

ወንበሩን ትተን ድምፁን ብናይ የሚታየው ሌላ ነው። ኦል ባሶቶ ኮንቬንሽን በ2017 ከተሰጠው ድምፅ 40 በመቶ ገደማ አግኝቶ ነበር፤ በ2022 ሰባት በመቶ ገደማ ቀረለት። አዲሱ የማቴካኔ ፓርቲ ያገኘው 39 በመቶ ገደማ ነው። ዋናው ተቃዋሚ ዴሞክራቲክ ኮንግረስ ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ በሩብ አካባቢ ቆይቷል። የሌሶቶ ሕዝብ የሆኑት ባሶቶዎች እኛ ጋቢ እንደምንደርብ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ይደርባሉ፤ የ2022ቱም ለውጥ ያንኑ ብርድ ልብስ ገልብጦ እንደ መልበስ ይመስለኛል። የማቴካኔ ድምፅ በአብዛኛው የቀድሞው ገዢ ፓርቲ ድምፅ ነውና የተዋሱት እንጂ ያካበቱት አይደለም፤ አንድ ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ጓዙን ጠቅልሎ የወጣ መራጭ ሁለተኛ ጊዜ ለመውጣት የሚከብደው አይሆንም።

በዚህ ላይ የዚያ ቀን ድምፅ ለመስጠት የወጣው ከተመዘገበው መራጭ 38 በመቶ እንኳ አልሞላም። ከዚህ ውስጥ 39 በመቶውን ማሸነፍ ማለት፣ ጎርፍ የመሰለው ድል ከሰባት የተመዘገቡ መራጮች የአንዱን ድጋፍ የያዘ ነበር ማለት ነው። በ1998 ከ70 በመቶ በላይ የነበረው ተሳትፎ በ2002 ወደ ሁለት ሦስተኛ፣ በ2007 ወደ ግማሽ ወርዶ ነው እዚህ የደረሰው። ድጋፍ ከፓርቲ ወደ ፓርቲ የሚዘዋወረው በየምርጫው እየጠበበ በሚሄድ ክብ ውስጥ ነው።

ክቡ ለምን ጠበበ ለሚለው የፓርቲዎቹን የዘር ሐረግ ማየት ይበቃል። ንትሱ ሞኼህሌ በ1952 የመሠረቱት የኮንግረስ ፓርቲ በ1993 ከ65 ወንበሮች 65ቱንም አሸነፈ። በ1997 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞኼህሌ አብዛኞቹን የምክር ቤት አባላት ይዘው ከራሳቸው ፓርቲ ወጡና «የሌሶቶ ኮንግረስ ለዴሞክራሲ» የተባለ ሌላ ፓርቲ መሠረቱ፤ በምርጫ ያሸነፈው ፓርቲ አንድ ድምፅ ሳይሰጥ ተቃዋሚ ሆኖ አደረ። ከዚያ ቶም ታባኔ በ2006 ከዚህ አዲስ ፓርቲ ወጥተው ኦል ባሶቶ ኮንቬንሽንን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ፓካሊታ ሞሲሲሊ በ2012 በሥልጣን ላይ እያሉ ዴሞክራቲክ ኮንግረስን መሠረቱ። በ2021 ደግሞ ከታባኔ ፓርቲ ሌላ ተገነጠለ። እኛ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንላለን፤ እዚያ ግን ጉልቻው ራሱ እየተሰነጠቀ ሦስት አራት ሆኗል። ለዚህ ሁሉ በር የከፈተው ሕጉ ነው፤ በምርጫ ክልል የተመረጠ አባል ፓርቲ ቀይሮ ወንበሩን ይዞ መቆየት ሲችል በፓርቲ ዝርዝር፣ ማለትም ፓርቲው ባገኘው የድምፅ ድርሻ፣ የገባው ግን አይችልም ነበር።

ዝርዝሩ የመጣው በደም መዘዝ ነው። በ1998 ገዢው ፓርቲ 60 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ80 ወንበሮች 79ኙን ሲወስድ ተቃውሞ ተነሣ፤ ዋና ከተማዋ ማሴሩ ተቃጠለች፤ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦርም ገባ። ስለዚህ ከ2002 ጀምሮ 80 ወንበሮች በምርጫ ክልል፣ 40ው በተመጣጣኝ ውክልና እንዲሞሉ ተደረገ። ፖለቲከኞቹ ግን ቀዳዳውን ለማግኘት አምስት ዓመት ብቻ ነው የፈጀባቸው። በ2007 መራጩ ሁለት ድምፅ ይሰጥ ስለነበር፣ ገዢው ፓርቲ 61 የምርጫ ክልሎችን ሲያሸንፍ የዝርዝሩን ድምፅ ግን ደጋፊዎቹ ለአንድ ትንሽ ወዳጅ ፓርቲ እንዲሰጡ በማድረጉ ያ ፓርቲ 21 ወንበር ታቀፈ። ማካካሻ እንዲሆን የተፈጠረው ሥርዓት ለአሸናፊው ምርቃት ሆነ፤ በ2012 ወደ አንድ ድምፅ የተመለሱት በዚህ ምክንያት ነው።

እኛም ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 የአብላጫ ድምፅ ሥርዓትን ስለደነገገ፣ በተለይም በ2015 ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ከያዙ በኋላ፣ ተመጣጣኝ ውክልና ይግባ የሚለውን ክርክር ለምደነዋል። እኔም ደጋፊው ነኝ። ሆኖም ሌሶቶን ያየ ሰው የወንበር አከፋፈልና የፓርቲ ዲሲፕሊን ሁለት የተለያዩ ሕመሞች መሆናቸውን፣ የአንዱ መድኃኒት ሌላውን እንደማይፈውስ መዘንጋት የለበትም።

የ2027ቱ መራጭ ደግሞ ኪሱም ተነክቷል። አሜሪካ በ2025 በሌሶቶ ዕቃዎች ላይ መጀመሪያ 50 በመቶ አውጃ በኋላ በ15 በመቶ ያጸናችው ታሪፍ፣ ጂንስና ቲሸርት ሰፍተው ለአሜሪካ ገበያ የሚልኩትን የማሴሩ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ነው ያገኘው፤ መንግሥትም በዚያው ዓመት በወጣቶች ሥራ አጥነትና በሥራ መጥፋት ምክንያት ብሔራዊ የአደጋ ጊዜ አዋጅ አውጥቷል። ባለሀብት ስለሆኑ ሥራ ይፈጥራሉ ተብለው ለተመረጡ ጠቅላይ ሚኒስትር ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም። ያ ሠራተኛ ቢቆጣ መንግሥትን ለመቅጣት የግድ ወደ ዴሞክራቲክ ኮንግረስ አይሄድም፤ ድንበሩን ተሻግሮ ደቡብ አፍሪካ ሥራ ፍለጋ ሊሄድ ይችላል። የ2022ቱ ምርጫ የዋለው ዓርብ ነበር። ዓርብ ዕለት በጆሃንስበርግ የቀን ሥራ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ለመስጠት ማሴሩ ድረስ የሚመጣበት ምክንያት ማን ሊሰጠው እንደሚችል፣ ከማቴካኔም ከተቃዋሚዎቻቸውም እስካሁን አልሰማሁም።