ተቀያሪ ሴንተር በነጥብ ብቻ አይመዘንም

ስለ ድሬዳዋው የቅርጫት ኳስ ቡድን የወጣ አንድ ጽሑፍ ተቀያሪውን ሴንተር (ሪንጉ አጠገብ የሚጫወተውን ረጅም ተጫዋች) «ነጥብ አያስቆጥርም» ብሎ መተቸቱ ሚዛኑን ስቷል። ይህ ልጅ የሚገባው ቋሚው ሴንተር ፋውል ሲበዛበት ነው፤ ሥራው ቋሚው እስኪመለስ ልዩነቱ እንዳይሰፋ መያዝ ነው።

ስክሪን ላይ፣ ማለትም ቆሞ በሰውነቱ የጓደኛውን ተከላካይ መንገድ በመዝጋት፣ ጎበዝ ነው። እግሩን ከትከሻው ስፋት ትንሽ ከፍቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ ሰብስቦ ይቆማል፤ ጋርዱ (ኳስ የሚያንቀሳቅሰው ጓደኛው) ትከሻውን ታክኮ ሲያልፍ ተከላካዩ እዚያው ይቀራል። ኳስ ወደ ሪንጉ ሲወረወርም መጀመሪያ ተጋጣሚውን ፈልጎ በጀርባው ይዘጋል። ሪባውንዱን (ስታ የተመለሰችውን ኳስ) ጓደኛው ይወስደዋል፣ በመዝገብም ለጓደኛው ይጻፋል፤ መንገዱን የከፈተው ግን እሱ ነው።

ትልቁ ችግሩ ፒክ ኤንድ ሮል፣ ማለትም ተጋጣሚ ለኳስ ያዡ ስክሪን ሠርቶ ወደ ሪንጉ የሚሮጥበትን ጥቃት፣ መከላከል ላይ ነው። ከሪንጉ በጣም ርቆ ይወጣል፣ ዞሮ ለመመለስ ይዘገያል፣ ከኋላ ደርሶ እጁን ወደ ታች ያወርዳል፤ ፋውል! በ5 ፋውል ለሚያስወጣ ጨዋታ ይህ ውድ ስህተት ነው። ከቅጣት ምት መስመሩ በታች ቆሞ ይጠብቅ፣ እጁንም ቀጥ አድርጎ ያንሳ። ሪባውንድ ሲይዝ ደግሞ ኳሷን እስከ ሆዱ ያወርዳታል፤ አጫጭር ጋርዶች የሚነጥቁት ለዚህ ነው። ክርኑን ከፍቶ አገጩ ሥር ይያዛት።

ቅጣት ምቱ የሪንጉን ፊት የሚመታው በክንዱ ብቻ ስለሚወረውር ነው፤ ጉልበቱን ይጠፍ።

አሰልጣኙም በድሬ ሙቀት ሲሚንቶ ሜዳ ላይ 10 ደቂቃ ሙሉ አያስሩጡት። 4 ደቂቃ አጫውቶ ማሳረፍ ይሻላል፤ እግሩ ሲዝል መጀመሪያ የሚጠፋው የጎንዮሽ እንቅስቃሴው ነው።