«ብዪ በሞቴ» ለጫጩት

በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» የተባለው መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ነገር ያላረባ ሰው ስንፍናው ግንባሩ ላይ የተጻፈ ይመስለዋል። እኔ ጓሮ የለኝም፤ ያለችኝ በተከራየሁበት ግቢ ጥግ፣ በልብስ ማጠቢያውና በውኃ ቆጣሪው መካከል የተረፈች፣ አልጋ የማታስዘረጋ ቦታ ናት። እዚያች ላይ ቆርቆሮና የሽቦ ወንፊት አገጣጥሜ፣ ሰጋቱራ ጎዝጉዤ፣ የፈንግል ክትባት ወስደዋል የተባሉ አሥር የ45 ቀን ጫጩቶች አስገባሁ። ሻጩ ሲሸኘኝ የሰጠኝ ምክር አጭር ነበር፤ «ሁለት ወር እስኪሞላቸው የጫጩት መኖና ንጹሕ ውኃ፤ ሌላው ትርፍ ነው» አለኝ። ጫጩቶቹ የሚያድጉት ስድስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ መሆኑን አልነገርኩትም።

የእኛ ሰው እንግዳ ሳያጎርስ አያድርም። በመጀመሪያው ምሽት አከራያችን እማማ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ሽሮ የተፈተፈተበት እንጀራ በትሪ ይዘው ብቅ አሉ። ጫጩት ጨው እንደማይስማማት፣ ኩላሊቷ ገና ስላልጠና ለእኛ ልከኛ የሆነው ለእሷ መርዝ ሊሆን እንደሚችል በትሕትና አስረዳኋቸው። «በርበሬውስ አያቃጥላቸውም?» ብለው ጠየቁ። እዚህ ላይ መዋሸት አልቻልኩም፤ ወፎች የበርበሬ ማቃጠል አይሰማቸውም፣ እንዲያውም ዶሮ ሚጥሚጣ ብትለቅም ግድ አይሰጣትም ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። እማማ ከዚያ ሁሉ ንግግሬ ይህችን ብቻ ይዘው ሄዱና በማግሥቱ የተረፈ ስንግ ቃሪያ ላኩልኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ቆጥሬ አልዘልቀውም። በረካ ተጠጥቶ ሲያበቃ የቡናው ዝቃጭ ወደ እኔ ይመጣል፤ ጭማቂ የሚወዱት ወጣቶች የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ያመጣሉ፤ ሌላዋ ጎረቤት ድንቹን ልጣ፣ ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነውን ልጣጭ መርጣ ታቀርባለች። ቡናው ልብ እንደሚያውክ፣ የአቮካዶው ልጣጭና ፍሬ ወፍ እንደሚገድል፣ አረንጓዴው ድንች መርዝ እንዳለው፣ ጥሬ አደንጓሬም በደንብ ሳይቀቀል እንደማይሰጥ እየዞርኩ አስተማርኩ። የሁሉም መልስ አንድ ነበር፤ «እናቶቻችን ዶሮ ያረቡት መጽሐፍ እያነበቡ ነው?»

እናቶቻችንስ አላነበቡም፤ ዶሮዋ ግን ታነብ ነበር። የገጠሯ ዶሮ ልጆቿን አስከትላ ትል፣ ምስጥና የወደቀ እህል ስታስለቅም ትውላለች፤ ያልተስማማትን ትታ ታልፋለች፤ በመንገዷ ላይም ጥርስ ለሌለው ፍጥረት ወፍጮ የሚሆነውን ደቃቅ ጠጠር ታስውጣቸዋለች። የእኔዎቹ እናትም ጓሮም የላቸው፤ የቀረበላቸውን ከመብላት በቀር ምርጫ የላቸውም። ይህንን ስናገር በመሥሪያ ቤት ካፍቴሪያ ስለምበላው ምሳዬ የማወራ መስሎኝ ለራሴም አዘንኩ።

በጡረታ ላይ ያሉት ጋሼ ግን በክርክር አይቻሉም። ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ እንጀራ ይዘው መጥተው፣ ሻጋታ የጫጩት ጉበት እንደሚጨርስ ብነግራቸው «ፔኒሲሊን ከምን የተገኘ ይመስልሃል?» ብለው አፌን አስያዙኝ። እንግዲያው እርስዎ ይብሉት እንዳልል አስተዳደጌ ያዘኝ። ዘግይቼ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ ጫጩቶቹ ከመጡ ወዲህ የግቢው የቆሻሻ ባልዲዎች ሁሉ ባዶ መሆናቸውን ነው። ለካ የግቢው ሰው አሥር አንደበት የሌላቸው የጽዳት ሠራተኞች በነፃ ቀጥሮ ኖሯል።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ማን እንደወረወረው ያልታወቀ ሙሉ የጎመን ዘንግ ቤታቸው ውስጥ አገኘሁ። አንዷ ረጅሙን ጭረት በአፏ አንጠልጥላ ትሮጣለች፤ ዘጠኙ ይከተሏታል፤ የደረሰችባት የጭረቱን ሌላ ጫፍ ነክሳ ትጎትታለች። ከልቤ ሳቅሁ። በማግሥቱ ጠዋት ግን ያቺው ሯጭ ክንፏን ጥላ ቆማለች፤ ሌሊቱን ባዶ መሆን የነበረበት አንገቷ ሥር ያለው የምግብ ከረጢት እንደ ሎሚ ጠጥሯል። ለብ ያለ ውኃ በጠብታ እየሰጠሁ፣ ከረጢቷን በሁለት ጣቴ ቀስ እያልኩ እያሸሁ ሥራ ቀረሁ። አለቃዬ ምክንያቴን ሲጠይቀኝ «ቤተሰብ ታሞብኝ ነው» አልኩ። ከሰዓት በኋላ ከረጢቷ ላላ፤ እኔም ጨከንኩ።

በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ። የተከተፈ ሰላጣ፣ ጨው ያልነካው የተቀቀለ ሩዝ ወይም ካሮት፣ ከቀን ምግባቸው ከአሥር አንድ እጅ ሳይበልጥ፣ ከደቃቅ አሸዋ ጋር፤ በግማሽ ሰዓት ያልበሉት ይነሣል። መኖው ከመቶ 20 ገደማ ፕሮቲን ያለው በመሆኑ፣ በእንጀራ የጠገበች ጫጩት ሆዷ ሞልቶ ትቀጭጫለች ብዬም ጨመርኩ። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ስሰጣቸው ያዩኝ ደግሞ «የገዛ ዘራቸውን!» ብለው አማተቡ። እነዚሁ ሰዎች ግን ያለፈው እሑድ የዶሮ ወጥ ትራፊ ሊያቀምሷቸው መጥተው ነበር።

ግቢው ተቀየመኝ። ለሁለት ሳምንት ቡና የጠራኝ የለም። ባለቤቴ የፋሲካ ለት «ዕርቅ በእኔ ይሁን» ብላ ከድስቱ ጨልፋ፣ እንቁላል አክላ፣ ሰሐኑን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ለእማማ ይዛ ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ አንገቴን ደፍቼ ተከተልኩ። እማማ ሰሐኑን ተቀብለው፣ ክዳኑን በሁለት ጣት ገለጥ አድርገው፣ ቀረብ ብለው አሸተቱና ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ጨው አልበዛበትም አይደል?» አሉኝ። «የእኔም ኩላሊት እኮ ገና አልጠናም።»